ደስታ በሽታ ያራቆተው ሜዳ

የእንስሳት ጤና ረዳት ሆኜ በቆላ ስሠራ፣ ለደስታ በሽታ የተከተበ ከብት ሁሉ ጆሮው ይበሳ ነበር። ከብት ተይዞ በሚከተብበት ክራሽ ውስጥ የሚንፈራገጠውን ወይፈን አንዱ ቀንዱን ይዞ አንገቱን ይጠመዝዝልኛል፤ እኔ መርፌውን ወግቼ ሳበቃ ባልደረባዬ ጆሮውን በመብሻው ቀጭ ያደርገዋል። ከዚያ ወዲያ የትም ገበያ ቢነዳ መከተቡ ይታወቃል። ጆሮ ማስበሳቱን ወጣቶቹ አይወዱትም ነበር። በሽታው የገባበትን በረት ያዩ ሽማግሌዎች ግን ከብታቸውን ራሳቸው እየነዱ ያመጡልን ነበር፤ ዓይኑ የሚያነባ፣ ድዱ የቆሰለ፣ ተቅማጡ እንደ ውኃ የሚወርድ ላም በጥቂት ቀን ውስጥ እንደሚወድቅ ያውቁታላ።

ያኔ የማስበው ስለ ላሟ ብቻ ነበር። ቆይቼ ሳነብ ነው በሽታውም ክትባቱም ሣርን፣ እሳትን፣ ዛፍን ሳይቀር እንደነኩ የገባኝ።

በሽታው አፍሪካን የያዘው ከእኛው አካባቢ ባሕር ዳርቻ ተነሥቶ ነው። በ1880 ዓ.ም. ገደማ ጣሊያኖች ባስመጧቸው ከብቶች በምፅዋ በኩል ገባ ይባላል። ከዚያ የሆነውን ክፉ ቀን ብለን እናስታውሰዋለን፦ በሬው አለቀ፣ ማሳው ጦም አደረ፣ ድርቁና አንበጣው ተደረበ። ዳግማዊ ምኒልክ ለሕዝቡ አርአያ ለመሆን ራሳቸው ዶማ ይዘው እንደቆፈሩ ይነገራል። እኛ ታሪኩን እዚህ ላይ እናቆመዋለን። በሽታው ግን አላቆመም። ወደ ደቡብ ወርዶ ማሳይ አገር ገባ፤ እ.ኤ.አ. በ1896 ዛምቤዚን ተሻገረ። ከከብቱ ጋር ጎሹ፣ ቀጭኔውና ዊልደቢስት የሚባለው የዱር እንስሳም ረገፉ። ኦስትሪያዊው ኦስካር ባውማን እ.ኤ.አ. በ1892 በንጎሮንጎሮ በኩል ሲያልፍ ያገኘው ከብቱ አልቆበት በረሃብ የሚያልቅ የማሳይ ሕዝብ ነበር።

በላተኛ ያጣ ሣር ዝም ብሎ አይቀመጥም። ከብትና እረኛ በጠፋበት ቦታ ቁጥቋጦው ገፍቶ መጣ፤ የዱር አራዊቱ ከሰው ቀድሞ ሲያገግም ቆላ ዝንብ ጥላና ደም አገኘችና ተስፋፋች። እሷ በያዘችው መሬት ላይ ደግሞ የምታስተላልፈው ገንዲ ከብት ይጨርሳል፤ ስለዚህ ሰው ለመመለስ ተቸገረ። ቅኝ ገዥዎች የአራዊት ጥብቅ ስፍራ ብለው ካርታ ላይ ያሰመሩት ብዙ መሬት እንዲህ የተራቆተ ነበር። የሰው እጅ ያልነካው ተፈጥሮ ነው አሉት። ባዶነቱ ገና የሰው ዕድሜ እንኳ ያልሞላው መሆኑን አላሰቡትም፤ ይህን አለማሰብ ዛሬም ድረስ ብዙ አርብቶ አደር ከመሬቱ ያፈናቀለ ስሕተት ነው እላለሁ።

ሴሬንጌቲ እ.ኤ.አ. በ1951 ብሔራዊ ፓርክ ሲሆን፣ የዊልደቢስት ግልገሎች የእናታቸው ጡት የሰጣቸው መከላከያ ሲያልቅ በዚሁ በሽታ ይሞቱ ነበር። ዋልተር ፕላውራይት ኬንያ ሙጉጋ ውስጥ አስተማማኝ ክትባት ሠራ፤ በፓርኩ ዙሪያ ያሉ ላሞች ተከተቡ። ዊልደቢስቱን የወጋ ማንም የለም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1963 ገደማ በሽታው ከግልገሎቹ ጠፋ፤ ከላሟ ነበርና የሚመጣባቸው። እ.ኤ.አ. በ1961 ሩብ ሚሊዮን ገደማ የነበረው መንጋ በ1977 ከአንድ ሚሊዮን ከሦስት መቶ ሺህ አላነሰም።

ይህ ሁሉ አፍ ሣሩን አጨደው። በበጋ የሚነደው ድርቆሽ ቀነሰ፣ ሰደዱም ቀነሰ። ቀድሞ በየዓመቱ ከሥሩ የሚለበለበው የግራር ችግኝ አንገቱን ቀና ለማድረግ ፋታ አገኘ፤ በሰፊው የፓርኩ ክፍል ዛፍ ተመለሰ። በሰሜን፣ በኬንያው ማሳይ ማራ በኩል ግን እሳቱ ቢቀንስም ጫካው አልተመለሰም፤ እዚያ ዝሆኖቹ ችግኙን ሳያድግ እየነቀሉ ይበሉታል። ለዓመታት ዝሆንን ብቻ ወይም እሳትን ብቻ ጥፋተኛ የሚያደርግ ክርክር ነበር። ጥፋቱ ግን የሁለቱም ነው፤ እሳቱ ዛፉን ጣለው፣ ዝሆኑ እንዳይነሣ ያዘው። አንዱን ብቻ የሚቆጣጠር ዕቅድ ግማሹን ነው የሚያየው።

ስለዚህ አንድ የፓርክ ኃላፊ «መሬቱን ወደ ቀድሞው ይዞታ እንመልስ» ሲል ስሰማ፣ የትኛው ቀድሞ ብዬ መጠየቅ ይቃጣኛል። ከምፅዋው ከብት በፊት ያለው? በሽታው ያራቆተው? ወይስ ክትባቱ የሞላው? ለምሳሌ እኛ ዘንድ የስዋይን ቆርኬ አለ። ስሙን ያገኘበት እንግሊዛዊ መኮንን በሶማሌ ሜዳ ትልልቅ መንጋ ሆኖ አይቶት ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ በሽታው ፈጀው፣ በኋላም እርሻና አደን ተከተሉ። ዛሬ የቀረው በሰንቀሌ እና በጥቂት ሌሎች ቦታዎች ነው። እንስሳው ገላጣ ሣር ይወዳል፤ ስለዚህ ዙሪያውን አጥሮ መተው አይበቃውም፣ ግጦሹም እሳቱም ከአካባቢው ከብት አርቢ ጋር ተመክሮበት ሊታቀድ ይገባል።

ዓለም ከደስታ በሽታ ነፃ መሆኗ እ.ኤ.አ. በ2011 ታወጀ። ዘመዱ፣ የበግና ፍየል ደስታ፣ ግን አለ። እ.ኤ.አ. ከ2016 መጨረሻ ጀምሮ ሞንጎሊያ ውስጥ ሳይጋ የሚባለውን የዱር እንስሳ በብዛት ፈጅቷል፤ የመጣውም ከበግና ከፍየል ነው። በሰሜን ተራሮች ዋልያ የሚውልበት ገደል አጠገብ ፍየል ይግጣል። የዋልያ ጥበቃ በጀት ሲያዝ፣ በዙሪያው ላሉ ቀበሌዎች ፍየሎች የክትባት ገንዘብ አብሮ እንዲያዝ እፈልጋለሁ።