ጀርክ

ጀርክ፦ በእንግሊዝኛ ድንገተኛ፣ አጭርና ኃይለኛ መንጨቅ ወይም መናጥ ማለት ነው። ቃሉ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ብቅ ሲል የጅራፍ ምትን ያመለክት ነበር፤ ኋላ ማንኛውንም ድንገተኛ እንቅስቃሴ ጠቀለለ። ክብደት አንሺዎች ብረቱን ከትከሻ ወደ ላይ በአንድ ግፊት የሚያወጡበት ስልትም በዚሁ ስም ይጠራል።

ትልቁን ክብር ያገኘው ግን በፊዚክስ ነው። ፍጥንጥነት በጊዜ ውስጥ የሚለዋወጥበት ልክ ጀርክ ይባላል፤ መለኪያውም ሜትር በሰከንድ ኩብ ነው። ፍሬን በድንገት ሲያዝ ቆሞ የሚጓዘውን ተሳፋሪ የሚያንገዳግደው የፍሬኑ ጉልበት ብቻ ሳይሆን የለውጡ ድንገተኛነትም ነው፤ ሰውነት ለመዘጋጀት ፋታ አያገኝም። የሊፍትና የባቡር መሐንዲሶች ይህን መጠን የሚገድቡት ለዚሁ ነው።

ቋንጣ መሰሉ «ጀርኪ» ዘመዱ አይደለም፤ ከደቡብ አሜሪካው የኬችዋ ቋንቋ በስፓኒሽ በኩል የመጣ ነው።