ስምሽ ማን ነው? የማን ልጅ ነሽ?



አንድ አባት፣ ልጃቸው ሊያገባ ሲል ወደ ቢሮዬ መጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ፓስተር፣ የልጅቷ አጥንት ተጠንቷል ወይ? አያቷ ተሸጣ የመጣች ናት ይባላል» አሉኝ። ልጅቷ ጌታን የምትወድ ዘማሪ ናት። እሳቸውም የጸሎት ሰው ናቸው። ያን ዕለት አፌ ተያዘ። ዛሬ በታሪክ ልመልስ።

እ.ኤ.አ. በ1888 ኦስፕሬይ የተባለ የእንግሊዝ የጦር መርከብ በቀይ ባሕር ላይ ሦስት የባሪያ ነጋዴ ጀልባዎችን ያዘ። ውስጣቸው 204 ኦሮሞዎች ነበሩ፤ አብዛኞቹ ልጆች። ኤደን ተወስደው ነፃ ወጡ። ከልጆቹም ከፊሎቹን በኤደን አጠገብ፣ በሼክ ዑስማን የነበሩ የስኮትላንድ ሚሲዮናውያን ተቀበሏቸው። የአገሩ አየር ስላልተስማማቸው በ1890 ስልሳ አራቱ ደቡብ አፍሪካ ወደሚገኘው የሎቭዴል ትምህርት ቤት ተላኩ።

አሁን ልብ በሉ! ሚሲዮናውያኑ እያንዳንዱን ልጅ ኦሮምኛ በሚያውቁ ሰዎች አማካይነት ጠየቁ፦ ስምሽ ማን ነው? አባትሽ ማን ነው? እናትሽስ? አገርሽ የት ነው? እንዴት ተያዝሽ? ማንስ ለማን ሸጠሽ? መልሱንም ጻፉት። ከመቶ ዓመት በኋላ ሳንድራ ሼል የተባለች የታሪክ ተመራማሪ ያንን ጽሑፍ ይዛ፣ የልጆቹን መንገድ ከቤታቸው ደጃፍ እስከ ባሕሩ ድረስ ተከተለች።

ከእነርሱ አንዷ ቢሾ ጃርሳ ናት። ወላጆቿ ሞቱባት፤ በረሃብ ዘመን በጥቂት በቆሎ ተሸጠች። ነጋዴው ስሟን አልፈለገም፤ ዋጋዋን ብቻ ነበር የፈለገው። ሎቭዴል ግን ተምራ አስተማሪ ሆነች። የልጅ ልጇ ኔቪል አሌክሳንደር የዘር መድልዎን ተቃውሞ በሮበን ደሴት አሥር ዓመት የታሰረው ምሁር ነው። ከስልሳ አራቱ አሥራ ሰባቱ ደግሞ በ1909 ወደ ኢትዮጵያ ተመለሱ።

አያችሁ ወገኖቼ? «የማን ልጅ ነሽ?» የሚለው ጥያቄ አንድ ነው። እነዚያ የጠየቁት የተሰረቀችውን ልጅ ወደ ስሟ ለመመለስ ነው። እኛ የምንጠይቀው ግን ከማዕድ ለማስነሣት ነው! በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ላይ ጌታ የሌባውንና የእረኛውን ልዩነት አስተምሮናል። እረኛው በጎቹን በየስማቸው ይጠራል። ታዲያ እኛ አጥንት ስንቆጥር የማንን ሥራ እየሠራን ነው? ኀፍረቱ የሸጠው ነው እንጂ የተሸጠችው አይደለም።

በአገራችን ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ ሩቅ አይደለም። በየጉባኤያችን የተሸጡም የሸጡም ሰዎች የልጅ ልጆች በአንድ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ስለዚህ በቤታችሁ ያሉትን አረጋውያን በፍቅር ጠይቁ። የተወለዱበትን፣ የእናታቸውን ስም፣ ያለፉበትን መንገድ በደብተር ጻፉ። ከእነርሱ ጋር አብሮ እንዳይቀበር።

ለእኚያ አባት ይህንኑ ታሪክ ነገርኳቸው። አንገታቸውን ደፉ፤ እሺም እንቢም አላሉም። እየጸለይንላቸው ነው። እናንተም ጸልዩላቸው፤ ግን አስቀድማችሁ የራሳችሁን ቤት መርምሩ።

ጌታ ይባርካችሁ።