የተሳቢ ክብደት

የተሳቢ ክብደት ማለት አንድ የጭነት መኪና ከኋላው የሚጎትተው የባዶ ተሳቢውና በላዩ የተጫነው ዕቃ ድምር ክብደት ነው። ይህ ክብደት የመኪናውን ፍጥነት፣ የናፍጣ ፍጆታ፣ የፍሬን አቅምና የጎማ ዕድሜ ይነካል። ተጽዕኖው ግን በሁሉም መንገድ እኩል አይደለም፤ ሜዳ ላይ መጠነኛ ሲሆን ዳገትና ቁልቁለት ላይ እጅግ ይበረታል። ከአዲስ አበባ በደሴ፣ በወልድያና በቆቦ አድርጎ ወደ መቐለ የሚሄደው አውራ ጎዳና ሜዳውንም ተራራውንም ስለሚያፈራርቅ ጉዳዩን በግልጽ ያሳያል።

የመንገዱ ጠባይ

ቆቦ በሰሜን ወሎ ዞን፣ በራያ ቆላ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,470 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ከወልድያ በስተሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከአዲስ አበባ የሚነሳ መኪና ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ከዚያ ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ይወርድና ደሴ ላይ እንደገና ወደ 2,500 ሜትር ይደርሳል። ከጎብዬ ወዲያ በሮቢትና በቆቦ አልፎ እስከ አላማጣ ያለው ክፍል ግን በአብዛኛው ሜዳ ነው። ከአላማጣ ሲወጣ የግራካሱ ጠመዝማዛ ዳገት ይጀምራል። ኮረም ከአላማጣ በ1,000 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች።

የተሳቢ ዓይነቶች

ተሳቢ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው በፊትም በኋላም የራሱ ጎማዎች ያሉትና በመጎተቻ ብረት ከጭነት መኪናው ጋር የሚያያዘው ነው። ሁለተኛው ሰሚ ትሬለር የሚባለው ሲሆን የፊት ክብደቱ በሳቢው መኪና ላይ ያርፋል። በኢትዮጵያ መንገዶች ከሚታወቁት ቀደምት ባለተሳቢ መኪናዎች አንዱ ፊያት 682 ኤን 3 ነው። የሞተሩ ጉልበት ዛሬ በዚሁ ሥራ ከተሰማሩት ብዙዎቹ መኪናዎች ከግማሽ በታች ስለነበር ዳገትን የሚወጣው በዝግታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመው አምቼ የፊያትን፣ በኋላም የኢቬኮን የጭነት መኪናዎች በአዲስ አበባ ሲገጣጥም፣ መቐለ የሚገኘው መስፍን ኢንዱስትሪያል ኢንጂነሪንግ ደግሞ ተሳቢዎችን ሠርቷል።

ሞተሩን የሚፈታተኑ ኃይሎች

በእኩል ፍጥነት የሚጓዝ መኪና ሦስት ኃይሎችን ማሸነፍ አለበት።

1. የጎማ ተቃውሞ፦ ጎማ ሲንከባለል በመጨፍለቁ የሚባክን ኃይል ነው። በአስፋልት ላይ ከክብደቱ 0.8 ከመቶ ገደማ ነው።
2. የዳገት ስበት፦ 6 ከመቶ በሆነ ዳገት ላይ ከክብደቱ 6 ከመቶ ነው፤ ይህም ከአስፋልቱ የጎማ ተቃውሞ ከሰባት እጥፍ ይበልጣል።
3. የአየር ተቃውሞ፦ በፍጥነትና በመኪናው ፊት ስፋት ይወሰናል እንጂ በክብደት አይጨምርም።

በተጨማሪ መኪናው ሲነሳና ፍጥነት ሲጨምር ያንን ሁሉ ክብደት ለማንቀሳቀስ ጉልበት ይወጣል። ስለዚህ በከተማ ውስጥና በፍተሻ ኬላዎች መቆምና መነሳት የባለተሳቢን ፍጆታ ይጨምራል።

በሜዳ ላይ

ለምሳሌ ባዶው 10 ቶን የሆነ መኪና 12 ቶን ቢጭን በድምሩ 22 ቶን ይሆናል። ባዶው 5 ቶን የሆነ ተሳቢ 13 ቶን ጭኖ ሲቀጠልበት ጠቅላላው 40 ቶን ይደርሳል። አንድ ሊትር ናፍጣ 36 ሜጋ ጁል ያህል ኃይል አለው። ከዚህ ወደ ጎማ የሚደርሰው 13 ሜጋ ጁል ገደማ ነው ብንል፣ በራያ ሜዳ ላይ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄደው ይህ መኪና ያለተሳቢ በ100 ኪሎ ሜትር 21 ሊትር፣ ከነተሳቢው 33 ሊትር ገደማ ይፈጃል።

ክብደቱ በ82 ከመቶ ጨምሮ ፍጆታው የጨመረው በ57 ከመቶ ብቻ ነው፤ ምክንያቱም የአየር ተቃውሞው ብዙ አልተለወጠም። ለአንድ ቶን ዕቃ ሲሰላ ደግሞ ከ1.75 ሊትር ወደ 1.3 ሊትር ዝቅ ይላል። የጤፍና የማሽላ፣ በቆቦ ጊራና ሸለቆ በመስኖ የሚለማው የሽንኩርትና የቲማቲም ነጋዴም ሆነ ባለንብረቱ በተሳቢ የሚጠቀሙት በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ጥቅም ግን ተሳቢው ተሞልቶ ሲሄድ ብቻ ይገኛል። ባዶ ተሳቢ 5 ቶኑን ይዞ ሲመለስ የሚያቃጥለው ናፍጣ የሚከፍለው ዕቃ የለውም።

በዳገት ላይ

አንድ ቶን ክብደትን 1,000 ሜትር ከፍ ማድረግ በዚሁ ስሌት 0.75 ሊትር ናፍጣ ይፈልጋል። ስለዚህ 18 ቶን የሚመዝነው ተሳቢ ከአላማጣ እስከ ኮረም ለመውጣት ብቻ 13.5 ሊትር ገደማ ተጨማሪ ያስፈጃል። ይህ ያው ተሳቢ በቆቦ ሜዳ ላይ ለ100 ኪሎ ሜትር ከሚያስጨምረው 12 ሊትር ይበልጣል።

ፍጥነቱም ይወድቃል። 380 የፈረስ ጉልበት ካለው ሞተር ወደ ጎማ 230 ኪሎ ዋት ቢደርስ፣ 22 ቶኑ መኪና 6 ከመቶ ዳገትን በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ይወጣል፤ 40 ቶኑ ግን ከ30 ኪሎ ሜትር ብዙም አያልፍም። በከባድ ማርሽ ለረዥም ጊዜ ሲሠራ የሞተሩ ሙቀት ይጨምራል፤ በዝግታ ስለሚሄድ ራዲያተሩ የሚያገኘው የጉዞ ነፋስም ትንሽ ነው።

ከፍታውም የራሱ ድርሻ አለው። አየሩ ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲነጻጸር ቆቦ ላይ 14 ከመቶ፣ ኮረም ላይ 22 ከመቶ ገደማ ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚያቃጥለው አየር ሲያንሰው በዚያው ልክ ይደክማል፤ ባለቱርቦው ጉድለቱን በአብዛኛው ይሸፍናል።

ከአላማጣ በመኾኒ በኩል ወደ ሂዋነ የሚወስደው መንገድ የኮረምን፣ የማይጨውንና የአላጀን ተራሮች በስተምዕራብ ትቶ ረዥም ርቀት በቆላ ያልፋል። የፍጆታው ሒሳብ የሚወሰነው በኪሎ ሜትር ብቻ ሳይሆን በጉዞው በሙሉ በተወጣው የዳገት ድምርም ስለሆነ፣ ይህ መንገድ ለባለተሳቢ የተሻለ ሊሆን ይችላል።

በአፈርና በአሸዋ ላይ

ጠጠር መንገድ ላይ የጎማ ተቃውሞው ወደ ክብደቱ 2 ከመቶ ይወጣል። በልል አሸዋ 10 ከመቶና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ጎሊናና ሆርማትን የመሳሰሉ ወንዞች በክረምት ደለልና አሸዋ በሚያመጡበት በራያ ቆላ፣ አሸዋ የገባ ባለተሳቢ 10 ከመቶ ዳገት የሚወጣ ያህል ይጨነቃል። ከመንገዱ ወጣ ብሎ ወደ እርሻ የሚጎተት የትራክተር ተሳቢም በዚሁ ይፈተናል። የተሳቢው ጭነት በሚነዱት ጎማዎች ላይ ስለማያርፍ ጎማዎቹ በቀላሉ ይንሸራተታሉ። በዚህ ረገድ ሰሚ ትሬለር ይሻላል። መኪናው ራሱ ባዶ ሆኖ ተሳቢው ብቻ ሲጫን ደግሞ ችግሩ ይብሳል።

በቁልቁለት ላይ

በዳገት የተከማቸው ኃይል በቁልቁለት ወደ ሙቀት ይለወጣል። 40 ቶን የሚመዝን ባለተሳቢ ከኮረም ወደ አላማጣ 1,000 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ኃይል ከ1,100 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ይህን ሁሉ በእግር ፍሬን ብቻ ለመያዝ ከተሞከረ ፍሬኑ ግሎ የመያዝ አቅሙን ያጣል። ስለዚህ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ከባድ ማርሽ ማስገባትና በሞተር ፍሬን መውረድ ግድ ነው። የተሳቢው ፍሬን ደካማ ከሆነ ተሳቢው ሳቢውን ከኋላ ይገፋል፤ በመታጠፊያ ላይ ሲሆን መኪናው እንደ ሰንጢ ሊታጠፍና መንገድ ሊስት ይችላል።

ትርፍ ጭነትና መንገድ

እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት በተደረገው የመንገድ ሙከራ፣ መንገድ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ከአክስል ክብደት አራተኛ ርቢ ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ተገኝቷል። በአክስል ላይ 10 ከመቶ ትርፍ መጫን ጉዳቱን በ46 ከመቶ፣ 20 ከመቶ መጫን ደግሞ ከእጥፍ በላይ ያሳድጋል። በኢትዮጵያ አውራ ጎዳናዎች ላይ ያሉት የሚዛን ጣቢያዎች ከጠቅላላው ክብደት ሌላ እያንዳንዱን አክስል የሚመዝኑት ለዚህ ነው። ጭነቱ በብዙ አክስሎች ከተከፋፈለ ተሳቢ መቀጠል ሁሉንም በአንድ መኪና ላይ ከመቆለል ይልቅ ለመንገዱ ይቀላል።

በሌሎች የተሽከርካሪ ዓይነቶች

በሰሜን አሜሪካ መኝታና ማእድ ቤት ባለው የመኖሪያ መኪና የሚጓዙ ሰዎች ብዙ ጊዜ ትንሽ አውቶሞቢል ከኋላ ይጎትታሉ። 10 ቶን የሚመዝን የመኖሪያ መኪና 1.5 ቶን አውቶሞቢል ሲጎትት ክብደቱ በ15 ከመቶ ይጨምራል። በፈጣን ሜዳ መንገድ አብዛኛው ናፍጣ ለአየር ተቃውሞ ስለሚወጣ ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ዳገት ላይ ግን ወደ 15 ከመቶ ይጠጋል። የባቡር ጎማ በሐዲድ ላይ የሚገጥመው ተቃውሞ ደግሞ ከአስፋልቱ በብዙ እጥፍ ያንሳል። ባቡር ብዙ ፉርጎዎችን መሳብ የሚችለው ስለዚህ ነው፤ ለዳገት ግን ከመኪና የባሰ ስለሚደክም ሐዲዱ ቀስ ብሎ ከፍ እንዲል ተደርጎ ይዘረጋል።