መቋሚያ፦ የሁለት መስመር ቅርጽ
እንጨት፤ ዳባትና የስሜን ግርጌ

ቀጥ ያለ ዘንግና በአናቱ አግድም የተጋደመ ራስ ብቻ ያለው መቋሚያ፣ ማለትም ካህናትና ደብተራዎች በረጅሙ ማኅሌት ቆመው ሲያመሰግኑ የሚደገፉት በትር፣ ስሙን ያገኘው ‹ቆመ› ከሚለው ግስ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት በትሩ ክርስቶስ የተሸከመውን መስቀል እንደሚያመለክት፣ በዝማሜ ጊዜ፣ ይኸውም ዜማው በመቋሚያ እንቅስቃሴ በሚታጀብበት ሥርዓት፣ ወዲያና ወዲህ መወዛወዙም ጌታ በሕማማቱ መንገላታቱን እንደሚያስታውስ ያስተምራሉ። ከጌጥ መራቆቱ ጉድለት አይደለም፤ ትርጉሙ ሁሉ በሁለቱ መስመሮች መገናኛ ላይ ስላረፈ፣ ብዙ ቅርጽ ቢጨመርበት ምሥጢሩ ይደበዝዝ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ዘውድ የደፉባትን የስሜኗን ደረስጌ ማርያም ጨምሮ በአካባቢው አድባራት፣ መቋሚያ ከከበሮና ከጸናጽል ጋር ዛሬም ያገለግላል።