ፎርማኑ እንደ መምህር

በ1940 መገባደጃ ላይ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካ የጦር መሣሪያ ፋብሪካዎችና የባሕር ኃይሉ አንድ ያልታሰበ ችግር ገጠማቸው። ፈረንሳይ በጀርመን ጦር እጅ ወድቃለች፤ አሜሪካም ገና በጦርነቱ ባትገባም መርከቡንና አውሮፕላኑን በብዛት መሥራት ጀምራለች። ነገር ግን ለቦምብ ማነጣጠሪያና ለፔሪስኮፕ የሚያስፈልገውን ሌንስ ሞርዶ የሚያስተካክል ባለሙያ ጠፋ። የተፈለገው ሰው ቁጥር 350 ብቻ ነበር። ይሁንና ሙያው ከባለሙያ ሥር ሆኖ አምስት ዓመት መማርን የሚጠይቅ ስለነበር፣ ይህ ጥቂት ሰው በገንዘብም በትእዛዝም ሊገኝ አልቻለም።

ጉዳዩ የተመራው በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ለተቋቋመ አንድ አነስተኛ የመንግሥት ክፍል ነበር። ስሙ «ትሬኒንግ ዊዝን ኢንዱስትሪ» ሲሆን፣ በኢንዱስትሪው ውስጥ የሚካሄድ ሥልጠና ማለት ነው። የክፍሉ ኃላፊ ሚስተር ቻኒንግ ዱሊ ከነዳጅ ኩባንያ፣ የቅርብ ረዳታቸው ሚስተር ዋልተር ዲትዝ ደግሞ ከዌስተርን ኤሌክትሪክ የመጡ ሰዎች ስለነበሩ፣ የፋብሪካን ጠባይ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከውስጡ ያውቁት ነበር። ስለሆነም ጥናቱን የጀመሩት ሌንስ ሞራጁ በእርግጥ የሚሠራውን ሥራ አንድ በአንድ በመዘርዘር ነው። ባለሙያው 20 ዓይነት ሥራ ሲያከናውን ተገኘ። ከእነዚህ ውስጥ 14ቱ አዲስ ገብ ሠራተኛ በቶሎ ሊለምዳቸው የሚችል ነበሩ፤ እውነተኛ ጥበብ የሚጠይቁት 6ቱ ብቻ ነበሩ። ሥራው በዚሁ መሠረት ተከፍሎ፣ 6ቱን እንዴት ማስተማር እንደሚገባ በሥርዓት ሲጻፍ፣ በዓመታት ይቆጠር የነበረው የትምህርት ጊዜ ወደ ጥቂት ወራት ወረደ።

ከዚህ የተገኘው እውቀት ከሌንሱ የሚበልጥ ነበር። የጎደለው የተማሪው ችሎታ አልነበረም፤ የሚያውቀው ሰው የሚያውቀውን ማስተላለፍ አለመቻሉ ነበር። ጎበዝ ባለሙያ እጁ ያወቀውን አፉ አይናገረውም፤ ለእርሱ ከልማድ ብዛት ግልጽ የሆነው ነገር ለጀማሪው ድብቅ መሆኑንም ይረሳዋል። ሲጠየቅ «አየኸኝ አይደል?» ብሎ ያልፋል፤ ተማሪው ሲሳሳት ደግሞ ይቆጣል። ተማሪውም ከቁጣው የሚማረው ጥያቄ አለመጠየቅን ነው።

መቼም ዘዴው ከባዶ የፈለቀ አይደለም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የመርከብ ግንባታ ሠራተኞችን በጥድፊያ ማሠልጠን አስፈልጎ ስለነበር፣ በማሳቹሴትስ በሙያ ትምህርት የሠሩት ሚስተር ቻርልስ አለን ትምህርቱን በአራት ደረጃ ከፍለውት ነበር፤ ማዘጋጀት፣ ማሳየት፣ ማሠራትና መፈተን። ይህንኑም በ1919 ባሳተሙት መጽሐፍ አስፍረውታል። የእነዱሊ ክፍል ከሃያ ዓመት በኋላ ይህንን አንሥቶ በአንዲት የኪስ ካርድ ላይ እስኪሰፍር ድረስ አሳጠረው።

ኮርሱ በአምስት ጉባኤ የሚጠናቀቅ፣ እያንዳንዱም ሁለት ሰዓት የሚወስድ፣ በጠቅላላው 10 ሰዓት ብቻ ነበር። ተማሪዎቹ ወደ አሥር የሚጠጉ ፎርማኖች ሲሆኑ፣ አሠልጣኙ ንግግር አያደርግላቸውም። ይልቁንም አንድ የኤሌክትሪክ ሽቦ ያወጣል፤ ሽቦው ሲጎተት ከአምፖል መያዣው ብሎን እንዳይላቀቅ ኤሌክትሪሺያኖች የሚቋጥሩት ልዩ ቋጠሮ አለ። አሠልጣኙ አንዱን ፎርማን አስነሥቶ አቋጣጠሩን በቃል ብቻ ይነግረዋል፤ ፎርማኑ ሊቋጥረው አይችልም። ሌላውን ጠርቶ ሳይናገር በእጁ ቋጥሮ ያሳየዋል፤ እርሱም አይሳካለትም። ሦስተኛውን ግን አረጋግቶ፣ ምን ያህል እንደሚያውቅ ጠይቆ፣ እየተናገረ እያሳየ፣ ዋና ዋናዎቹን ነጥቦች ነጥሎ ካስረዳው በኋላ ራሱ እንዲሠራውና እየሠራ እንዲያብራራው ያደርገዋል። ቋጠሮው ይያዛል። በክፍሉ የተቀመጡት ፎርማኖች ሁሉ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ያስተማሩት በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው መንገድ እንደነበረ ማንም ሳይነግራቸው ይገነዘቡታል። ስህተቱ ከተማሪው ሳይሆን ከአስተማሪው ነው የሚለው ደንብ በእነርሱ ዘንድ መፈክር የሆነው ከዚህ በኋላ ነው።

በካርዱ ላይ የሰፈረው አራተኛ ደረጃ ከሁሉም በላይ ልብ ሊባል ይገባዋል። ሠራተኛውን ለብቻው አሰማራው፤ ሲቸግረው ወደ ማን እንደሚሄድ ንገረው፤ ደጋግመህ ጎብኘው፤ እንዲጠይቅ አደፋፍረው፤ እየቻለ ሲሄድ ጉብኝትህን ቀስ በቀስ ቀንስ ይላል። ዛሬ በእንግሊዝኛ ስሙ «ኮቺንግ» እየተባለ በየስብሰባው የሚነገርለት ነገር ዋና አሳቡ በዚህች ደረጃ ውስጥ ተጠቃልሎ ይገኛል፤ ልዩነቱ ያኔ ይህ የፎርማኑ የዕለት ተዕለት ሥራ እንጂ ከውጭ የሚመጣ አማካሪ ተግባር አለመሆኑ ነው።

በ1943 የሥራ ግንኙነትን የሚመለከት ሌላ ኮርስ ተጨመረ። ከዚያ ቀደም በቺካጎ አጠገብ በሚገኘው የዌስተርን ኤሌክትሪክ የሆውቶርን ፋብሪካ ከ1924 ጀምሮ ለዓመታት የተካሄደው ምርምር፣ ምርት የሚጨምረውና የሚቀንሰው በመብራት ድምቀት ወይም በእረፍት ጊዜ ብቻ አለመሆኑን አመልክቶ ነበር። የዚያ ምርምር ውጤት አተረጓጎም ኋላ ብዙ ትችት ቀርቦበታል፤ ትችቱም መሠረት የሌለው አይደለም። ይሁንና በኮርሱ የተጻፉት አራት መመሪያዎች ለመቀበል የሚያስቸግሩ አይደሉም። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ሥራው በምን ደረጃ ላይ እንዳለ ንገረው፤ ምስጋና ሲገባው አትንፈገው፤ እርሱን የሚነካ ለውጥ ሲመጣ አስቀድመህ አስታውቀው፤ ችሎታውን በሚገባ ተጠቀምበት። የእነዚህ ቀላልነት አንባቢን ሊያስቅ ይችላል። ነገር ግን ከማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ስለ ራሱ ዝውውር ያነበበ ሠራተኛ፣ ሦስተኛው መመሪያ ምን ያህል ክብደት እንዳለው አይጠፋውም።

ክፍሉ በ1945 ሲዘጋ ባወጣው ዘገባ 16,511 በሚሆኑ የሥራ ቦታዎች ለ1,750,650 ሰዎች ምስክር ወረቀት መስጠቱን ገልጿል። ክትትል ከተደረገባቸው ድርጅቶች 86 በመቶ የሚሆኑት ምርታቸውን ቢያንስ በ25 በመቶ ማሳደጋቸውንም ያትታል። ይህን አኃዝ መሐንዲስ በጥንቃቄ ሊያየው ይገባል፤ ለካው የተባለው ራሱ አስተማሪው ነው፤ ጊዜውም በጦርነቱ ምክንያት ምርት በየስፍራው የሚያሻቅብበት ነበር። የማያከራክረው ነገር ቢኖር፣ ከእርሻና ከቤት የመጡ ሚሊዮን ወንዶችና ሴቶች ከዚያ በፊት አይተውት የማያውቁትን ማሽን በአጭር ጊዜ ለማንቀሳቀስ መብቃታቸው ነው።

ሰላም ሲሆን የመንግሥቱ ገንዘብ ቆመ። ጦር ሜዳ የነበሩት ሠራተኞች ወደ ማሽናቸው ተመለሱ፤ የተመረተው ሁሉ ስለሚሸጥ የሚያስጨንቅ ነገር አልነበረም፤ ዘዴውም በተወለደበት አገር ቀስ በቀስ ተረሳ። ፎርማኑ ካርዱን ከኪሱ ያወጣ የነበረው የሚጠይቀው ሰው ስለነበረ ነው፤ ጠያቂው ሲጠፋ ካርዱም ጠፋ።

በጃፓን የሆነው ሌላ ነው። በ1951፣ አገሪቱ ገና በአሜሪካ ጦር አስተዳደር ሥር ሳለች፣ ሚስተር ሎውል ሜለን የተባሉ የክሊቭላንድ ሰው ከጥቂት ባልደረቦቻቸው ጋር ተልከው አሠልጣኞችን አሠለጠኑ። እነዚያም ሌሎችን አሠለጠኑ፤ የጃፓን የሥራ ሚኒስቴርም ነገሩን በራሱ እጅ ይዞ ቀጠለ። ቶዮታ ዘዴውን የተቀበለው በብርቱ የሥራ ክርክር ማግሥት ነበር። በ1950 ኩባንያው ሊከስር ተቃርቦ፣ ከ2,000 የሚበልጡ ሠራተኞች ከሥራ ወጥተው፣ ፕሬዚዳንቱ ኪይቺሮ ቶዮዳም ከኃላፊነታቸው ለቀው ነበር። የቀረው ሠራተኛ በአለቃው ላይ እምነት እንዲኖረው ማድረግ ለኩባንያው የመኖርና ያለመኖር ጉዳይ ሆነ። በዚያም ማስተማር ለፎርማንነት መመዘኛ ሆኖ ተደነገገ፤ የማያስተምር ሰው ቡድን መሪ አይሆንም። ካይዘን በሚል ስም በዓለም የታወቀው አሠራር ካሉት ሥሮች አንዱ ይኸው ነው።

ወደ ኢትዮጵያም የደረሰው በዚሁ ረጅም መንገድ ዞሮ ነው። መንግሥት በ2008 ለጃፓን ጥያቄ ካቀረበ በኋላ፣ በ2009 በጃፓን ዓለም አቀፍ የትብብር ድርጅት እርዳታ በንግድና ኢንዱስትሪ ሚኒስቴር ውስጥ የካይዘን ክፍል ተከፍቶ በ30 ፋብሪካዎች ሙከራ ተጀመረ፤ በ2011ም የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። በየወርክሾፑ ግድግዳ ላይ ጎልተው የሚታዩት አምስቱ «ማ»ዎች ናቸው፤ መሣሪያን በየቦታው ማስቀመጥ ለዓይን ስለሚታይ ለጎብኚም ይመቻል። የፎርማኑ አስተማሪነት ግን በግድግዳ ላይ አይሰቀልም። የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አማካሪዎች ራሳቸው ሙያውን የቀሰሙት ከጃፓናውያኑ ጎን ሆነው በየፋብሪካው እየዞሩ፣ መጀመሪያ እያዩ፣ ቀጥሎ አብረው እየሠሩ፣ በመጨረሻም ለብቻቸው እየተሰማሩና እየተጎበኙ ነበር።