ቁልፍ ቃል (ሲቪ)

በሥራ ቅጥር ረገድ ቁልፍ ቃል ማለት ቀጣሪ ድርጅት የቀረቡለትን ሲቪዎች ሲያጣራ የሚፈልገው፣ አመልካቹም በሲቪው ውስጥ የሚጽፈው ሙያን ገላጭ ቃል ወይም ሐረግ ነው። የሥራ መደብ መጠሪያ፣ የትምህርት ዓይነትና ደረጃ፣ የሙያ ፈቃድ፣ የሶፍትዌርና የመሣሪያ ስም፣ የሕግና የአሠራር ደረጃ ስም፣ እንዲሁም የቋንቋ ችሎታ ዋና ዋናዎቹ ናቸው። ሲቪን የሚያነበው ሰው ብቻ በነበረበት ጊዜ ሐሳቡ ግልጽ ከሆነ የቃሉ ምርጫ ብዙም አያስቸግርም ነበር። ዛሬ ግን በብዙ ድርጅቶች ሲቪን በመጀመሪያ የሚያነበው ኮምፒውተር ነው፤ ኮምፒውተሩም ብዙውን ጊዜ የሚያመሳስለው ትርጉምን ሳይሆን ፊደልን ነው። ስለዚህ ለሥራው ብቁ የሆነ ሰው ችሎታውን ቀጣሪው ከሚፈልግበት ቃል በተለየ ቃል ስለጻፈ ብቻ ሳይታይ ሊቀር ይችላል።

አመጣጥ

ሰነድን በውስጡ ባሉት ቃላት የመፈለግ ዘዴ የመጣው ከሥራ ቅጥር ሳይሆን ከቤተ መጻሕፍትና ከምርምር ሥራ ነው። በአይ.ቢ.ኤም. ኩባንያ ይሠራ የነበረው ሃንስ ፒተር ሉን በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ቃላት በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚደጋገሙ በመቁጠር የጽሑፉን ፍሬ ነገር በኮምፒውተር ለማውጣት ሞከረ። በ1960ዎቹ ጄራርድ ሳልተንና ባልደረቦቹ ስማርት የተባለውን የመረጃ ፍለጋ ሥርዓት ሠሩ።

እንግሊዛዊቷ ተመራማሪ ካረን ስፓርክ ጆንስ በ1972 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጽሑፍ በጥቂት ሰነዶች ብቻ የሚገኝ ቃል በሁሉም ሰነድ ከሚገኝ ቃል የበለጠ ክብደት ሊሰጠው እንደሚገባ አሳየች። ይህ ሐሳብ ለሲቪም ይሠራል። «ታታሪ» የሚለውን ቃል ሁሉም አመልካች ስለሚጽፈው አንዱን ከሌላው አይለይም፤ የአንድ ሶፍትዌር ወይም የአንድ የሙያ ፈቃድ ስም ግን ይለያል።

በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ በአሜሪካ የወረቀት ሲቪን በስካነር አንብበው በቃል የሚፈልጉ ሶፍትዌሮች ለገበያ ቀረቡ፤ ሬዙሚክስ ከእነዚህ አንዱ ነበር። ኢንተርኔት ሲስፋፋ ማመልከቻ መላክ ቀላል በመሆኑ ለአንድ ቦታ የሚቀርበው ሲቪ በዛ፤ የአመልካቾች መከታተያ ሶፍትዌርም እየተለመደ መጣ። ታሊዮ፣ ወርክዴይና ግሪንሃውስ በሰፊው ከሚታወቁት ውስጥ ናቸው።

አሠራር

የአመልካቾች መከታተያ ሶፍትዌር ሥራ በአራት ደረጃዎች ሊከፈል ይችላል።

1. ማንበብ፦ ፕሮግራሙ ከፋይሉ ውስጥ ጽሑፉን ብቻ ያወጣል። በፎቶ ወይም በስካነር የተነሳ ሲቪ ፒ.ዲ.ኤፍ. ቢሆንም እንኳ ሥዕል እንጂ ጽሑፍ ስላልሆነ ፊደል ለይቶ የሚያነብ ተጨማሪ ፕሮግራም ከሌለ ባዶ ሆኖ ይታያል። በሁለት ዓምድ ወይም በሳጥን ውስጥ የተጻፈ ሲቪም ቅደም ተከተሉ ሊዘበራረቅ ይችላል።
2. መመደብ፦ የወጣው ጽሑፍ ስም፣ አድራሻ፣ ትምህርት፣ የሥራ ልምድ እየተባለ ይከፋፈላል። ስለዚህ የተለመደ ርእስ («የሥራ ልምድ»፣ «ትምህርት») ከተዋበ ርእስ («የተጓዝኩበት መንገድ») ይሻላል።
3. ማውጫ ማዘጋጀት፦ እያንዳንዱ ቃል በየትኞቹ ሲቪዎች ውስጥ እንደሚገኝ ይመዘገባል።
4. መፈለግ፦ የቅጥር ሠራተኛው ቃላትን «እና»፣ «ወይም»፣ «ያልሆነ» በሚሉ ማያያዣዎች አጣምሮ ይፈልጋል፤ ሶፍትዌሩም የተገኙትን ደርድሮ ያቀርባል።

በተለምዶ ሶፍትዌሩ «ቃሉ የለም» ብሎ ብቻ አመልካችን አይጥልም። ወዲያው የሚጥሉት ብዙውን ጊዜ በማመልከቻ ቅጹ ላይ የሚቀርቡ የ«አዎ/አይደለም» ጥያቄዎች ናቸው፤ ለምሳሌ መንጃ ፈቃድ ወይም የሥራ ፈቃድ መኖሩን የሚጠይቁ። ቁልፍ ቃል የሚወስነው ማን ቀድሞ እንደሚነበብ ነው። ሆኖም በመቶ የሚቆጠሩ ሲቪዎች ቀርበው ቅጥር ሠራተኛው የመጀመሪያዎቹን ሠላሳ ብቻ ካነበበ፣ ወደ ኋላ መቅረትና መውደቅ በውጤታቸው አንድ ናቸው።

አዳዲስ ሶፍትዌሮች በትርጉም የሚቀራረቡ ቃላትን ለማዛመድ ይሞክራሉ። ይሁንና አመልካቹ ሲቪውን የሚያነበው ሶፍትዌር ምን ዓይነት እንደሆነ አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልም።

አመራረጥ

ዋናው የቁልፍ ቃል ምንጭ ክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያው ራሱ ነው። በኢትዮጵያ ጋዜጦችና የሥራ ድረ ገጾች የሚወጡ ማስታወቂያዎች አብዛኛውን ጊዜ የሥራ መደቡን መጠሪያ፣ ተፈላጊውን የትምህርት ደረጃ፣ የሥራ ልምዱንና ተጨማሪ ችሎታውን ለይተው ስለሚያስቀምጡ ቃላቱን ለማውጣት ያመቻሉ። ተመሳሳይ የሆኑ ከአምስት እስከ አሥር ማስታወቂያዎችን አንብቦ በሁሉም የሚደጋገሙትን ቃላት መመዝገብ ደግሞ የሙያው ቋሚ መፈለጊያ ቃላት የትኞቹ እንደሆኑ ያሳያል።

ለምሳሌ አንድ ድርጅት በአካውንቲንግ የመጀመሪያ ዲግሪና 4 ዓመት የሥራ ልምድ ያለው፣ ፒችትሪ መጠቀም የሚችልና አይ.ኤፍ.አር.ኤስ. የሚያውቅ የሂሳብ ሠራተኛ ይፈልጋል እንበል። አይ.ኤፍ.አር.ኤስ. የዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃዎች የእንግሊዝኛ ምህጻር ሲሆን፣ በኢትዮጵያ የሂሳብ ሥራ ማስታወቂያዎች ላይ የተለመደው የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847/2006 በደረጃዎቹ መጠቀምን ከደነገገ በኋላ ነው። ለዚህ ቦታ ሁለት አመልካቾች አንድ ዓይነት ልምዳቸውን እንዲህ ሊጽፉት ይችላሉ፦

- «በሂሳብ ክፍል ልዩ ልዩ ሥራዎችን በትጋትና በታማኝነት ሠርቻለሁ።»
- «ከ2011 እስከ 2015 ዓ.ም. የአንድ አስመጪ ድርጅትን የባንክ ሂሳብ ማስታረቂያ፣ የደመወዝ መክፈያና የተጨማሪ እሴት ታክስ ማስታወቂያ በየወሩ በፒችትሪ አዘጋጅቻለሁ።»

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ሐሰት የለበትም፤ ነገር ግን ቀጣሪው ሊፈልጋቸው ከሚችሉት ቃላት «ሂሳብ» ከሚለው በቀር አንዱንም አልያዘም። ሁለተኛው አራት መፈለጊያ ቃላትን ከሥራው ጋር አያይዞ ይዟል፤ ለሰው አንባቢም የበለጠ ይናገራል።

በአጠቃላይ የሚከተሉት ይመከራሉ፦

- ሙሉ ስምንና ምህጻርን ቢያንስ አንድ አንድ ጊዜ መጻፍ፤ ፈላጊው በየትኛው እንደሚፈልግ አይታወቅምና።
- የሶፍትዌርን ቀድሞና አሁን ያለ ስም አብሮ መጥቀስ። በኢትዮጵያ እስከ ዛሬ «ፒችትሪ» የሚባለው የሂሳብ ሶፍትዌር በአምራቹ ዘንድ ሴጅ 50 ከተባለ ቆይቷል፤ አንዱን ብቻ የጻፈ በሌላው ሲፈለግ አይገኝም።
- የመሣሪያውን ስም ከተሠራበት ሥራ ጋር ማያያዝ። «ኤክሴል» ከማለት «በኤክሴል የ300 ሠራተኞችን የደመወዝ ሰንጠረዥ ማዘጋጀት» ማለት ይሻላል።
- የመሥሪያ ቤቱን የደረጃ መጠሪያ ማብራራት። «ባለሙያ 3» የሚለው ከመሥሪያ ቤቱ ውጭ ብዙም አይገባም፤ መጠሪያውን ሳይለውጡ «የግዥ ባለሙያ 3» ብሎ የሥራውን ዓይነት ማሳየት ይቻላል።
- በማስታወቂያው ላይ ግዴታ የሆነውን «ቢኖረው ይመረጣል» ከተባለው ለይቶ ግዴታውን ከላይ ማስቀመጥ።

በአማርኛ በሚጻፍ ሲቪ

የግዕዝ ፊደል በአማርኛ አንድ ዓይነት ድምፅ ያላቸው ግን በኮምፒውተር የተለያየ መለያ ቁጥር የተሰጣቸው ሆሄያት አሉት፤ ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ። «ጸሐፊ» የሚለውን ቃል ብቻ ብንወስድ፣ የመጀመሪያው ሆሄ በሁለት፣ ሁለተኛው ቢያንስ በሦስት መንገድ ሊጻፍ ስለሚችል ቢያንስ ስድስት ዓይነት አጻጻፍ ይኖረዋል። ፍለጋው ሞክሼ ሆሄያትን ወደ አንድ የሚመልስ ካልሆነ፣ ለኮምፒውተሩ እነዚህ ሁሉ የተለያዩ ቃላት ናቸው። ስለዚህ የማስታወቂያውን አጻጻፍ መከተል ይበጃል፤ ማስታወቂያው «ሒሳብ» ካለ «ሒሳብ»፣ «ሂሳብ» ካለ «ሂሳብ»።

ሁለተኛው ጉዳይ የቃላት እርባታ ነው። «የሂሳብ»፣ «በሂሳብ» እና «ሂሳቡን» አንድ ቃል መሆናቸውን ሰው ወዲያው ያውቃል፤ ሙሉ ቃልን ብቻ የሚያመሳስል ፕሮግራም ግን አያውቅም። በሲቪው ውስጥ «ችሎታዎች» በሚል ርእስ ሥር ቃላቱን ያለ ቅጥያ መዘርዘር ይህን ችግር ይቀንሳል። እንደ «መ/ቤት» እና «ት/ቤት» ያሉ በእዝባር ያጠሩ ቃላትም ቢያንስ አንድ ጊዜ በሙሉ መጻፍ አለባቸው።

ሦስተኛው የፊደል ቅርጽ ነው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩ ብዙ የአማርኛ ፎንቶች የግዕዝን ቅርጽ በላቲን ፊደላት መለያ ቁጥር ላይ ያስቀምጡ ነበር። በእንዲህ ዓይነት ፎንት የተጻፈ አሮጌ ሲቪ በስክሪን ላይ አማርኛ ሆኖ ቢታይም ለኮምፒውተሩ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ነው። ለማረጋገጥ ጽሑፉን ቀድቶ በኢሜይል መጻፊያ ሳጥን ውስጥ መለጠፍ ይበቃል፤ አማርኛው ከጠፋ በዩኒኮድ እንደገና መጻፍ ያስፈልጋል።

ወደ ውጭ አገር ሲላክ

ኢትዮጵያ ውስጥ የተዘጋጀ ሲቪ ወደ ሌላ አገር ሲላክ ከቁልፍ ቃላት በፊት የዘመን አቆጣጠሩ መስተካከል አለበት። በሰኔ 2008 ዓ.ም. የተመረቀ ሰው በጎርጎርዮስ አቆጣጠር የተመረቀው በ2016 ነው። «2008» ብሎ ከላከ ፕሮግራሙ ስምንት ዓመት ይጨምርለታል፤ በኋላም ዲፕሎማው ሲታይ ሐሰት የጻፈ ሊመስል ይችላል። የስም አጻጻፍም እንዲሁ ነው። ኢትዮጵያዊ በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ሲጠራ፣ የውጭ ቅጾች የቤተሰብ ስም ይጠይቃሉ፤ በሲቪው፣ በማመልከቻ ቅጹና በፓስፖርቱ ላይ አንድ ዓይነት ቅደም ተከተል መጠቀም መዝገቡ ለሁለት እንዳይከፈል ይረዳል።

አንዳንድ ቁልፍ ቃላት ደግሞ በሕግ የተጠበቁ መጠሪያዎች ናቸው። በአሜሪካ ከውጭ አገር የመጣ ነርስ ኤን.ሲ.ኤል.ኢ.ኤክስ. የተባለውን ፈተና አልፎ ከሚሠራበት ክፍለ ግዛት ፈቃድ ሳያገኝ «አር.ኤን.» የሚለውን መጠሪያ ሊጠቀም አይችልም። በአገሩ የነበረውን ትምህርትና ልምድ ግን በሙሉ መጻፍና የፈቃዱን ሂደት የት እንዳደረሰ መግለጽ ይችላል።

ቃላትን ማጨቅ

ብዙ ቁልፍ ቃል በነጭ ቀለም ጽፎ መደበቅ ወይም ማስታወቂያውን እንዳለ ገልብጦ ከሲቪው ግርጌ ማስቀመጥ በኢንተርኔት ላይ አንዳንዴ ሲመከር ይታያል። ፕሮግራሙ ጽሑፉን ሲያወጣ ቀለሙን ስለሚያጠፋው የተደበቀው ለቅጥር ሠራተኛው ግልጽ ሆኖ ሊታይ ይችላል። ያልተማሩትን ወይም ያልሠሩትን መጻፍም ቢበዛ እስከ ቃለ መጠይቁ ቢያደርስ ነው፤ በኢትዮጵያ አመልካቾች የማስረጃቸውን «ዋናውንና የማይመለስ ፎቶ ኮፒ» ይዘው እንዲቀርቡ መጠየቃቸው የተለመደ ነው። አንድ ቃል በሲቪ ውስጥ መግባት ያለበት አመልካቹ ስለ እርሱ ሲጠየቅ ከሥራው ምሳሌ ሰጥቶ ማስረዳት ሲችል ነው።

ትችትና ሕግ

የሃርቫርድ ቢዝነስ ትምህርት ቤትና አክሴንቸር በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ከተጠየቁት ቀጣሪዎች 88 በመቶ የሚሆኑት ከፍተኛ ሙያ ያላቸው ብቁ አመልካቾች ከማስታወቂያው መስፈርት ጋር በትክክል ባለመግጠማቸው ብቻ ተጣርተው እንደሚወጡ አምነዋል። ስለዚህ ችግሩ የአመልካቹ ብቻ ሳይሆን መስፈርቱን የሚጽፈው ቀጣሪም ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሮይተርስ እንደዘገበው፣ አማዞን ሲቪ እንዲመዝን ሠርቶት የነበረው ፕሮግራም «የሴቶች» የሚል ቃል ያለባቸውን ሲቪዎች ዝቅ አድርጎ ሲመዝን ተገኝቶ ነበር፤ ኩባንያውም በመጨረሻ ፕሮግራሙን ተወው።

ከዚህ በኋላ አንዳንድ አስተዳደሮች ሕግ አውጥተዋል። የኒው ዮርክ ከተማ በቅጥር ላይ የሚወስኑ ፕሮግራሞች አድልዎ እንደሌለባቸው በገለልተኛ ወገን እንዲመረመሩ የሚያስገድደውን ሕግ ከሐምሌ 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ አውሏል። የአውሮፓ ኅብረት በ2024 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሕግም አመልካቾችን የሚያጣሩ ሥርዓቶችን ከፍተኛ ስጋት ካለባቸው ውስጥ መድቧቸዋል።