የደረስጌ ዘውድ

ጋቢያችሁን ተከናነቡና ወደ እሳቱ ጠጋ በሉ። ስሜን ተራራ ላይ፣ ጨነቅ ነን። ስሙን የሰማ እንግዳ «ማንን ነው የጨነቀው?» ብሎ ይስቃል፤ አንድ ሌሊት ሲያድር ይገባዋል። ከደባርቅ ተነሥቶ በሳንቃበር ያለፈው መንገድ እዚህ አያበቃም፤ በቧሂት በኩል ወደ ጃናሞራ ይወርዳል። እዚያ ደረስጌ ማርያም አለች። ወጋችን የእሷ ነው።

ያሠሯት የስሜንና የትግራይ ጌታ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ናቸው፤ ሊነግሡባት ነበር ይባላል። ጳጳስ ፍለጋ ወደ ግብፅ መልእክተኛ የላኩትም እሳቸው ናቸው። አቡነ ሰላማ በ1834 ዓ.ም. ገቡ።

አገሩ ግን ተጣልቶ ቆያቸው። የክርስቶስ ልደት ስንት ነው? ጎንደር «ሦስት» ይላል፣ ትግራይ «ሁለት»፤ ጎጃም ደግሞ «ቅባት» የሚባለውን ትምህርት ይዟል። ሁለት ባዮቹ ሦስተኛውን ልደት ስለቆረጡ «ካራ» ተባሉ። እንግዲህ ወንድም ወንድሙን በቢላ ስም ሲጠራ ምን ይባላል! አቡኑ ወደ ካራዎቹ ቢያደሉ የጎንደር ካህናት አባረሯቸው።

ከዚያ ቋረኛው ካሣ ተነሣ። ከአቡኑ ጋር ተስማማ፤ እሱ ትምህርታቸውን በአዋጅ ሊያጸና፣ እሳቸው ቀብተው ሊያነግሡት። እምቢ ያለ ካህን መከራውን አየ። አቡኑን ሊያመጣ ግብፅ ከወረደው ልዑክ ጋር የነበሩት አባ ገብረ ሚካኤል ካቶሊክ ሆነው ነበርና፣ በእስር ተንገላተው በ1847 ዓ.ም. ሞቱ። ሊያመጣ የሄደው ታሳሪ፣ የመጣው አሳሪ።

በዚያው ዓመት በየካቲት ካሣ ደረስጌ ላይ ውቤን ድል ነሣ። ብዙ ቀን ሳይቆይ፣ ውቤ ባሠሯት ቤተ ክርስቲያን፣ ውቤ ባስመጧቸው ጳጳስ እጅ፣ ቴዎድሮስ ተብሎ ዘውድ ደፋ። ውቤ እስረኛ ናቸው።

በአዋጅ የመጣው አንድነትስ? ንጉሡና አቡኑ ተጣሉ፤ አቡነ ሰላማ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ታስረው እንዳሉ ዐረፉ። ሦስት ባዮቹም አላለቁም፤ አጼ ዮሐንስ በ1870 ዓ.ም. ቦሩ ሜዳ ላይ እንደገና ጉባኤ ጠሩ፣ እንደገና አስገደዱ። እኔን ብትጠይቁኝ፣ በአለንጋ የመጣ ስምምነት አለንጋው እስኪነሣ ነው።

በእኛ ዕድሜ ግን ሌላ ዓይነት አይተናል። የጋይንቱ ተወላጅ አቡነ መርቆሬዎስ የጎንደር ሊቀ ጳጳስ ነበሩ፣ ኋላም አራተኛው ፓትርያርክ። በ1983 ዓ.ም. ከመንበራቸው ወረዱ፣ ኋላም ተሰደዱ። ሲኖዶሱ ሁለት ሆነ፤ ተወጋገዙ። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ዋሽንግተን ላይ ታረቁ፤ ውግዘቱ ተነሣ። መንበሩ ግን አንድ፣ ፓትርያርኩ ሁለት! እንዴት ይሁን? በአገር ቤት ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ማትያስ አስተዳደሩን ያዙ። ሽማግሌው አባት ከረጅም ስደት በኋላ አገራቸው ገብተው በትረ ሥልጣኑን አልጠየቁም፤ ለጸሎትና ለቡራኬ ተቀመጡ። በቅዳሴ የሁለቱም ስም አብሮ ተጠራ። ተሸናፊ የሌለበት እርቅ እንዲህ ነው፤ ግን አንዱ ዝቅ ካላለ አይሆንም።

አቡነ መርቆሬዎስ በየካቲት 2014 ዓ.ም. ዐረፉ። ዓመት ሳይሞላ፣ በጥር 2015 ዓ.ም.፣ ያለ ሲኖዶሱ ፈቃድ የኤጲስ ቆጶሳት ሹመት፣ ተከትሎም ሌላ ውግዘት ተሰማ።